ቀድሞ የደረሰው መርዶ

በዓለም ላይ ከሁሉም የሚፈጥነው ሞተር ሳይክል ውድድር ገብቶ አያውቅም። ዋንጫ የለው፣ ፎቶውን ግድግዳ ላይ የሚሰቅልለት ጎረምሳ የለው። በሰዓት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ይበራል፤ የሚበረውም ሰው መሞቱን ለመንገር ነው።

ነገሩ ሲጀመር በቅንነት ነበር። መርዶ ድሮ ወግ ነበረው። ሽማግሌዎች ማልደው ይሰበሰባሉ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ይጠነቀቃሉ፣ ቀስ ብለው ያረዱታል። በኋላ ስልክ መጣና ወጉን ገደል ከተተው። እናት ገበያ መሃል ቆማ፣ ሽንኩርት እየመረጠች፣ የልጇን ሬሳ በመዳፏ ላይ ማየት ጀመረች። ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ ጊዜ ሕግ ወጣ። መርዶ ነጋሪ በአካል እስኪደርስ ድረስ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ይዘጋል፤ ወሬውም ታፍኖ ይቆያል። ከአዲስ አበባ ወደ አራቱም ማዕዘን ቀጥ ያለ፣ ግራ ቀኙ የታጠረ ነጭ መንገድ ተሠራ። በዚያ ላይ ከመርዶ ሞተር በቀር የሚሄድ ነገር የለም።

መዘዙን ያሰበበት አልነበረም። ስልኩ ጭጭ ያለበት ሰው መርዶ እየመጣበት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ አገሩ ሰላምታውን ለወጠ። ሰው ከሰው ሲገናኝ "ስልክህ ይጠራል?" ይባባላል። "ይጠራል፣ ተመስገን። ያንተስ?" ሚስት ባሏ ቢሮ ሳለ በየሰዓቱ ትደውልለታለች፤ የምትነግረው ነገር ኖሯት አይደለም፣ መጥራቱን ሰምታ ትዘጋዋለች። ባትሪ ጨርሶ ያመሸ ሰው ቤቱ ሲደርስ ዘመድ አዝማድ ደረቱን እየደቃ ያገኛል። በዚህ ብዙ ይቀለዳል፤ ሳቁ ግን ቶሎ ነው የሚያልቀው።

ሰው ስልኩ ተዘግቶ የሚሰቃይበት ጊዜ እንዲያጥር የመርዶ ቢሮው ሞተሩን አፈጠነው። እንደገና አፈጠነው። ሰባተኛው ሞዴል ላይ ሲደረስ ጎማው ከዚህ በላይ አልችልም አለ። መንገዱን ማሳጠር ያቃታቸው ሰዎች የመነሻውን ሰዓት አስቀደሙት። ሆስፒታል ያለው ማሽን በሽተኛው ስንት ሰዓት እንደቀረው ይገምታል፤ ብዙም አይስትም። እናም ሞተሩ ሰውየው ሳይሞት ይነሳል፣ የከተማው ዳር ደርሶ ይቆማል፣ ይጠብቃል። "ስልክ የሚዘጋው ሞተር ሲነሳ ነው" የሚለውን አሮጌ ደንብ ግን ማንም አላስተካከለውም።

ዘርትሁን በመርዶ ነጋሪነት ስምንት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋ አርባን አልፏል፤ ሰውነቷ ቀጭን ነው፣ ንግግሯ ቁጥብ። ከሥራ ውጪ የማንንም በር አታንኳኳም። እህቷ ቤት እንኳ ስትሄድ ከመንገዱ ማዶ ጀምራ "ምንም የለም! ምንም የለም!" እያለች ነው የምትገባው። እህቷም በሩን የምትከፍተው ያንን ከሰማች በኋላ ነው፤ ያም ሆኖ ፊቷ ለትንሽ ጊዜ አመድ ይመስላል።

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዘርትሁን ግራር ውሃ የምትባል የቆላ ከተማ ዳር ደርሳ ቆመች። ከአዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ አምሳ ደቂቃ ፈጅቶባታል። ሞተሩን በደረቷ ተኝታ ነው የምትነዳው፤ ሽፋኑን ስትከፍተው የአገሩ ሙቀት ፊቷን ገረፋት። ከመሪው ፊት ባለው የስክሪን ማያዋ ላይ ሊሞት የተቃረበው ሰውዬ ስም አለ፦ ክንዱ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ የባትሪ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የቃጠሎ ጭስ ሳንባውን የጎዳው፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል የተኛ። የሚነገራት፦ እናቱ ወይዘሮ ያለምወርቅ። ከስሙ ፊት ለፊት በአረንጓዴ "አለ" ይላል። "አረፈ" ብሎ ሲቀላ ትገባለች።

ማሳው ላይ ሰሊጥ የሚያጭዱ ሰዎች አዩዋት። ማጭዳቸውን መሬት ላይ አኖሩ፤ ስልካቸውን አውጥተው ወደየቤታቸው ደወሉ። ማሳው ከዳር እስከ ዳር በስልክ ጥሪ ተሞላ። የተጠራለት ሁሉ ትከሻው ወረድ ይላል፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሳል። በየቤቱም እንዲሁ ሆነ። ግራር ውሃ ትንሽ ከተማ ናት፤ የማን ስልክ እንዳልጠራ ለማወቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ብዙም ሳይቆይ ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት ጀርባ ወንዶች ድምፅ ሳያሰሙ የድንኳን ብረት ሲያቀብሉ ዘርትሁን ከሩቅ አየች። የቤቱ ባለቤት እንዳይሰሙ ነው፤ ሳይረዱ ማልቀስ ነውር ነው።

እሷ ይህንን ብዙ ጊዜ አይታለች። ሁልጊዜም ዓይኗን ትመልሳለች። በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን ሲተከል ማየት ይሰቀጥጣታል።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የቢሮው መስመር ተከፈተ። ጌጡ ነው፤ ሞተሮቹን የሚያሰማራው ሰውዬ። ድምፁ እንደወትሮው አልነበረም።

"ዘርትሁን፣ ደርሰሻል?"

"ከደረስኩ ቆየሁ። ይኼኛው ገና ‹አለ› ነው የሚለው።"

"አለ። ነቅቷል።"

"ነቅቷል ማለት?"

"ነቅቷል ነዋ! ዓይኑን ገልጦ እናቴን አገናኙኝ እያለ ነው። ነርሷ አሁን ደውላ ስትጮህብኝ ነበር። ይደውላል አይጠራም፣ ይደውላል አይጠራም።"

"ክፈትላቸዋ!"

"በምን ሥልጣኔ? ሞተር ከተነሳ መርዶ ሳይነገር አይከፈትም። አለቃዬን ጠየቅኩት፤ አለቃውን ሊጠይቅ ሄደ። ከሄደ ቀረ።"

"ማሽኑ ስንት ሰጠው?"

"ሁለት ሰዓት። ቢበዛ ሁለት ተኩል።"

ዘርትሁን ከሞተሩ ወረደች። በስምንት ዓመት ውስጥ ሰው ዘንድ የምትደርሰው ሁልጊዜ ነገሩ ካበቃ በኋላ ነበር፤ ምንም የምታደርገው ነገር ኖሮ አያውቅም። አሁን አለ። አምሳ ደቂቃ መመለሻ። ሁለት ሰዓት ዕድሜ። ከመቀመጫዋ በስተኋላ ውሃና የራስ መሳት መድኃኒት የሚጫንበት ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ከተፈታ አንዲት ደቃቃ ሴት ትተኛበታለች። ይህን ስታስብ እጇ መፍቻውን ይዞ ነበር።

"ጌጡ፣ ይዣት እመጣለሁ።"

"ማንን?"

"እናቱን።"

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አለ ጌጡ። "መንገዱን ግን ነፃ አደርገዋለሁ።"

"ምልክት ያስፈልገኛል። እሱና እሷ ብቻ የሚያውቁት ነገር። ነርሷን ጠይቃት።"

የመጨረሻውን ብሎን ስትፈታ መልሱ መጣ። ጌጡ እየተንተባተበ ነበር የነገራት። "የሶላር መብራቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ፍየሏ አይደለችም በሏት አለ። ፍየሏ በከንቱ ተሸጠች አለ። እየሳቀ ነው አሉኝ፣ ዘርትሁን። እያሳለ ይስቃል አሉ።"

ለስድስት መቶ ኪሎ ሜትር የተሠራ ሞተር በእርምጃ ሲነዳ ይወላገዳል። ዘርትሁን እግሯን እየጎተተች ወደ ከተማው ገባች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየአጥሩ ሥር ቆመዋል። ሻይ ቤቱ ሙዚቃውን አጠፋ። ሰዎቹ መንገዱን እየለቀቁላት ከኋላዋ ተከተሏት።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ደጃቸው ላይ ሰሊጥ እያነፈሱ ነበር። ደቃቃ ናቸው፤ እንደተመኘችው። ስልካቸው መደቡ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሞተሩን አዩት፣ እሷንም አዩዋት፤ ሰፌዱን ግን አላስቀመጡም። ሰፌዱ ካልቆመ ምንም የማይሆን ይመስል ጨምረው አነፈሱ።

"እትዬ ያለም፣ እንደምን አደሩ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ክንዱ ታሟል።"

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምን እንዳደረገች ገባት። የመርዶ ነጋሪ ትምህርት ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ "ታሟል" ይባላል፤ ሰው እንዳይደነግጥ። ቀጥሎ "ጸንቶበታል" ይባላል፤ ውስጡን እንዲያዘጋጅ። ሦስተኛው ላይ ነው እውነቱ። ዘርትሁን በእነዚህ ደረጃዎች ስንት ሰው እጁን ይዛ እንዳወረደች አትቆጥረውም፤ ሌሎቹም እንደዚሁ። በአገሩ ውስጥ ከመርዶ ነጋሪ አፍ "ታሟል" ሲባል ሰምቶ ሄዶ በሽተኛ ያገኘ ሰው የለም።

ሰፌዱ ወደቀ። ሰሊጡ ደጁ ላይ ተበተነ።

"ልጄን!" አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። "ልጄን! ክንዴን!"

ከአጥር ኋላ የቆመው ሕዝብ ይህንን ሲጠብቅ ነበርና ግልብጥ ብሎ ገባ። ጩኸቱ ከተማውን አናወጠው።

"ኧረ አልሞተም!" ብላ ጮኸች ዘርትሁን። "ስሙኝ! በሕይወት አለ! እናቴን እያለ ነው፣ ልወስዳቸው ነው የመጣሁት!"

የሰማት ያለ አይመስልም። የሰሙትንም የሚያባብሳቸው ያንን መስማታቸው ነበር። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ክንዷን ያዝ አድርገው ወደ ዳር አወጧት። አስታወሰቻቸው። አቶ ቢያድግልኝ ናቸው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የወንድማቸውን መርዶ የነገረቻቸው እሷ ነበረች።

"ልጄ" አሏት ረጋ ብለው፣ "የኔ ወንድም ጊዜም እንዲሁ ብለሽኛል። ታሟል አልሽኝ። በሕይወት አለ አልሽኝ። ጫማዬን አድርጌ መኪና ልፈልግ ስነሳ ነው የነገርሽኝ። አልቀየምሽም፣ ሥራሽ ነው። አሁን ግን አንዴ ተረድታለች፤ አታንገላቻት።"

"አባቴ፣ ያን ጊዜ ዋሽቼዎት ነው። አሁን እውነቴን ነው።"

"ሁሌም እውነታችሁን ነው።"

ማያውን አሳየቻቸው። አረንጓዴው "አለ" ይላል። እሳቸው ግን ከማያው ይልቅ የሚያዩት እሷን ነበር፤ እንደሚያዝኑላት።

ሴቶቹን እየገፋች ወይዘሮ ያለምወርቅ ዘንድ ደረሰች። ራሳቸውን እንዳይጎዱ ስድስት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል። ተንበርክካ ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘች። "ይስሙኝ፣ ምልክት ሰጥቶኛል። የሶላር መብራቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ፍየሏ አይደለችም ብሏል። ፍየሏ በከንቱ ተሸጠች ብሏል።"

ሴትየዋ ማልቀሳቸውን አቆሙ። ዓይናቸው ሰፋ። ዘርትሁን አመኑኝ ብላ ተስፋ አደረገች።

"እሱ ነው" አሉ። "እውነት እሱ ነው። ፍየሏን እኔ ነኝ የሸጥኳት።" ወዲያው ፊታቸው ተጨማደደ። "ኑዛዜውን ላከልኝ! ልጄ ንስሐውን ላከልኝ! እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲሞት ነው እንጂ መቼ ይናገራል!"

ለቅሶው እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። ከጓሮ ድንኳኑ ተነሳ፤ አሁን የሚደበቅ ነገር የለምና መዶሻው በግልጽ ይሰማ ጀመር።

ዘርትሁን ያላደረገችው የለም። ክንዳቸውን ይዛ ጎተተች፤ ሴቶቹ ገፈተሯት። ቄሱን ጥሩልኝ አለች፤ ቄሱ መጥተው ለቅሶው መሃል ገብተው ጸሎት ጀመሩ። ስልካቸውን አንስታ ደወለች፤ ያው እንደተዘጋ ነው፤ እንዲያውም መዘጋቱን አይተው አንዷ ሴት "ይኸው!" ብላ ደረቷን መታች። አቶ ቢያድግልኝ በመጨረሻ ዱላቸውን አግድመው በእሷና በሐዘንተኛዋ መሃል ቆሙ። "ሐዘንተኛ ጭናችሁ የምትሄዱበት ደንብ ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉ፤ ድምፃቸው አሁን የለዘበ አልነበረም።

ጌጡ በጆሮዋ "ለምን አልተነሳሽም?" ይላል። "ዘርትሁን፣ አራት ሰዓት ሆነኮ።"

"አላመኑኝም።"

"እንዴት ነው የማያምኑሽ? ሰው በሕይወት አለ ሲባል እንዴት ነው..." ሲል እሱም ገባው መሰለ፣ ንግግሩን አልጨረሰም። "መሳቁን አቁሟል" አላት።

ያን ጊዜ ዘርትሁን ከሞተሩ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልቅሳ አታውቅም፤ ማልቀስ ከሥራ ያስባርራል። የሰው ሐዘን ላይ የራስህን አትጨምርም ተብላ ነው የተማረችው። አሁን ግን እንባው በራሱ መጣ፤ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀች፣ አፍንጫዋን በጓንቷ እየጠረገች አለቀሰች። የፈራችው ነገር ግልጽ ነበር፤ እኚህ ሴት ልጃቸው በሕይወት እያለ አልቅሰውለት፣ እሱም እናቴ አላነሳችልኝም ብሎ ሊሞት ነው። ይህም የሚሆነው እሷ ስምንት ዓመት በዋሸችው አንድ ቃል ምክንያት ነው።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ቀና ሲሉ አዩዋት።

"ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?" አሉ። "መርዶ ነጋሪ አያለቅስምኮ። ለባሌ መርዶ የመጣው ሰውዬ እንደ ድንጋይ ነበር። አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"አላመኑኝማ!" አለች ዘርትሁን፤ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ። "እሱ እዚያ ይጠብቅዎታል፣ እርስዎ እዚህ ያለቅሱለታል!"

"ማርያምን በዪ።"

"ማርያምን! ማርያምን አለ!"

ሴትየዋ የያዟቸውን እጆች አንድ በአንድ አላቀቁ። "ልቀቁኝ" አሉ። "ውሸትም ከሆነ ሄጄ ሬሳውን አያለሁ። ልቀቁኝ።"

አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። አቶ ቢያድግልኝ ዱላቸውን ዝቅ አድርገው መንገድ ለቀቁ። ዘርትሁን በጥድፊያ ሴትየዋን ከኋላዋ በደረታቸው አስተኛቻቸው፣ ነጠላቸውን ከወገቧ ጋር አስራ አጠበቀች። እንዴት እንደሚይዟት ነገረቻቸው፤ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እንዳይደነግጡ ነገረቻቸው። ይደርሳል፣ አለች ለራሷ። ማሽኑ ሁለት ሰዓት ተኩልም ብሏል። ሞተሩ ሥራ ጀመረ፤ ሕዝቡ ሁለት ላይ ተከፈለ። ሽፋኑን ልትዘጋ እጇን ስትዘረጋ ማያው ቀላ።

አረፈ።

በጆሮዋ ጌጡ ሲተነፍስ ይሰማታል። ሞተሩን አጠፋችው።

"ምነው?" አሉ ከጀርባዋ። "ምነው ቆምሽ? ሂጂ እንጂ።"

ዘርትሁን ፊቷን አላዞረችም። በዚያች ቅጽበት ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ያችን አንድ ሰዓት ይዘው እንዳይኖሩ። "እትዬ ያለም" አለች፣ "ክንዱ ዛሬ ሌሊት ነው ያረፈው። እኔ ሳልነሳ። የማልኩትም ያለቀስኩትም እንዲያው... እንደ ወጉ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"ማርያምን ብለሽ?"

"ማርያምን ብዬ።"

"አላልኳችሁም?" አሉ አቶ ቢያድግልኝ ወደ ሕዝቡ ዞረው። ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ ነበር። ለቅሶው ሊነሳ አንዲት ሴት አፏን ከፈተች።

መርዶው ተነግሯልና እንደ ደንቡ ስልኩ ተከፈተ። መደቡ ላይ ሆኖ፣ በዚያች ጥርት ባለች የማሽን ሴት ድምፅ፣ የታፈነበትን ማራገፍ ጀመረ።

"ያልደረሰ ጥሪ። ክንዱ። ሦስት ሰዓት ከአሥር።"

"ያልደረሰ ጥሪ። ክንዱ። ሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ።"

"ያልደረሰ ጥሪ። ክንዱ። ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት።"

አፏን የከፈተችው ሴት መልሳ ዘጋችው። ቄሱ ቀና አሉ። ከጓሮ የሚሰማው መዶሻ አንዴ መታና ቆመ። ስልኩ ደቂቃዎቹን እየጠራ ቀጠለ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት። አቶ ቢያድግልኝ ኮፍያቸውን አውልቀው በቆሙበት መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዱ ሰው ስልኩን ሊያጠፋው ወደ መደቡ ተራመደ።

"ተወው" አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። "ይጨርስ።"

"ያልደረሰ ጥሪ። ክንዱ። አራት ሰዓት ከሃያ አራት። ሌላ ጥሪ የለም።"

ሴትየዋ ከሞተሩ ላይ አልወረዱም። ነጠላቸው ከዘርትሁን ወገብ እንደታሰረ ነው፤ እጃቸውም ይዟታል፤ ልባቸው ጀርባዋ ላይ ሲመታ ይሰማታል። ዘርትሁን የምትሸሽበት ቦታ አልነበራትም።

"ልጄ" አሏት ቀስ ብለው፣ "አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

ማያው ፊቷ ላይ ነበር። "አራት ሰዓት ተኩል" ብላ አነበበችላቸው።